ትምህርት ቤት ወይስ ማኅበር? ስለ ዶክቶር ሊነሃን የማሠልጠኛ መጽሐፍ የቀረበ ሂስ

በ1905 ዓ.ም. ጆሴፍ ፕራት የሚባል የቦስተን ከተማ ሐኪም፥ ወደ ሳናቶሪየም ለመግባት ገንዘብ ያልነበራቸውን የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች በሳምንት አንድ ቀን እየሰበሰበ ስለ ዕረፍት፥ ስለ ምግብና ስለ ንጹሕ አየር ያስተምራቸው ጀመር። ስብሰባውንም እንደ ተማሪዎች ክፍል ቈጥሮ «ክፍል» ብሎ ጠራው። ዳሩ ግን ጥቂት ጊዜ እንደ ቈየ፥ በሽተኞቹን የሚጠቅማቸው ትምህርቱ ብቻ እንዳልሆነና፥ የበሽታቸው አንድነት እርስ በርሳቸው አወዳጅቶ እንደሚያጽናናቸው ተገነዘበ። ስለ ኅብረት ሕክምና የሚጽፉ ሊቃውንት ብዙዎቹ የታሪኩን መነሻ ከዚህ ይቈጥሩታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

እኛም ለዚህ ሂስ መነሻ ያደረግነው ይኸው በፕራት ክፍል የታየው ሁለትነት ነው። ሕመምተኞች በኅብረት ሲታከሙ የሚያድናቸው ከመምህሩ የሚሰሙት ነውን ወይስ ከጓደኞቻቸው የሚያገኙት? በሌላ አነጋገር፥ ስብሰባው ትምህርት ቤት ነው ወይስ ማኅበር? ይህን ጥያቄ የምናቀርበው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሳይኮሎጂ መምህር የነበሩት ዶክቶር ማርሻ ሊነሃን በ1993 ዓ.ም. ላሳተሙት፥ ለቦርደርላይን ሕመምተኞች ማሠልጠኛ ለሆነው መጽሐፍ ነው። ይህ መጽሐፍ በዚያው ዓመት ከወጣው ትልቁ የሕክምና መጽሐፋቸው ጋር አብሮ የተዘጋጀ ሲሆን፥ በዚህ ሕመም ላይ የሚሠሩ ሰዎች በብዙ አገር የሚመሩበት ሆኗል።

ጥያቄው የቃላት ክርክር እንዳይመስል አንድ ነገር አስቀድመን እንናገር። በዚህ ሕመም ከሚሠቃዩት ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸውን ያቈስላሉ፤ ራሳቸውን ለመግደልም የሚሞክሩ አያሌ ናቸው። ስለዚህ የስብሰባው ሥርዓት በአንድ ወይም በሌላ መንገድ መደንገጉ የሕይወት ነገር ነው።

፩. ስለ ሕመሙ

ቦርደርላይን የሚለው ቃል «የድንበር ላይ» ማለት ነው። አዶልፍ ስተርን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም በ1938 ዓ.ም. በጻፈው ጽሑፍ፥ ከቀላሉ የአእምሮ ጭንቀትም ከከባዱ የአእምሮ መለወጥም ወገን በትክክል የማይመደቡ፥ በሁለቱ መካከል ባለው ድንበር ላይ የቆሙ በሽተኞች እንዳሉ አመለከተ። ስሙም ከዚያ ወዲህ ጸንቶ ቀረ። በ1980 ዓ.ም. የአሜሪካ የሳይካያትሪ ማኅበር በመመሪያው ውስጥ ራሱን የቻለ የጠባይ ሕመም አድርጎ መዘገበው።

ዛሬ በሚሠራበት መመሪያ ዘጠኝ ምልክቶች ተዘርዝረዋል፤ አምስቱ የተገኙበት ሰው ሕመሙ አለበት ይባላል። ይኸውም የሚወዱት ሰው ጥሎኝ ይሄዳል ብሎ ያለ ልክ መፍራት፥ አንድን ሰው ዛሬ እጅግ አክብሮ ነገ መጥላት፥ ስለ ራስ ማንነት የጸና አሳብ ማጣት፥ ሳያስቡ ጐጂ ነገር ማድረግ፥ ራስን ማቍሰል ወይም ለመግደል መዛትና መሞከር፥ ስሜት በሰዓታት ውስጥ መለዋወጥ፥ ውስጡ ባዶ እንደ ሆነ መሰማት፥ ሊገቱት የማይቻል ቍጣ፥ ጭንቀት ሲበዛም ሰውን ያለ ምክንያት መጠራጠር ወይም ከራስ ተለይቶ እንደ ሕልም መሆን ናቸው። አንባቢ እንደሚመለከተው ከእነዚህ ምልክቶች ብዙዎቹ የሚታዩት ሰው ከሰው ጋር ሲገናኝ ነው። ስለዚህ ሕመሙ በሰዎች መካከል የሚቀጣጠል እሳት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። እንዲህ ያሉትን ሰዎች ሰብስቦ በአንድ ክፍል ማስቀመጥ ድፍረት የሚጠይቅ ሥራ መሆኑም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ዶክቶር ሊነሃን ስለ ሕመሙ መነሻ የሚሰጡት ማብራሪያ ሁለት ነገሮችን ያጣምራል። አንደኛው ሰውየው ሲፈጠር ጀምሮ ስሜቱ ቶሎ የሚነካ፥ ከተነካም በኋላ ቶሎ የማይበርድ መሆኑ ነው። ሁለተኛው በዙሪያው ያሉ ሰዎች ይህን ስሜቱን እንደ ከንቱ መቍጠራቸው ነው። ልጁ «ፈራሁ» ሲል «ምን የሚያስፈራ ነገር አለ» ይባላል፤ ሲያለቅስ «አስመሳይ» ይባላል፤ ፈጽሞ ሲፈነዳ ብቻ ሰው ይደርስለታል። በዚህ አኳኋን ያደገ ልጅ ስሜቱን መግራትን ሳይሆን ስሜቱን ማፈንዳትን ይማራል ማለት ነው። ከዚህም ተነሥተው ጸሐፊዋ የሚደርሱበት ፍርድ ሕመምተኛው ያልተማረው ነገር አለና ይማር የሚል ነው። የመጽሐፉ ሁሉ ምሰሶ ይህ ነው።

፪. መጽሐፉ የሚያዘው አሠራር

የሕክምናው ሙሉ ስም ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ ነው። ዲያሌክቲካል ያሉት ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ነገሮችን አንድ ላይ ስለሚይዝ ነው። በአንድ በኩል ሕመምተኛውን እንዳለ መቀበል፥ በሌላ በኩል እንዲለወጥ ማስገደድ አለ። ሕክምናው አራት እጆች አሉት። እነርሱም በሳምንት አንድ ጊዜ ከሐኪም ጋር ለብቻ መነጋገር፥ በሳምንት አንድ ጊዜ በኅብረት መማር፥ ጭንቅ በደረሰ ጊዜ ወደ ሐኪሙ ስልክ መደወል፥ እንዲሁም ሐኪሞቹ ራሳቸው ተሰብስበው እርስ በርሳቸው መመካከር ናቸው።

የኅብረቱ ትምህርት የሚመራው በሁለት መምህራን ሲሆን እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። መጀመሪያ አጭር የማስታወል ልምምድ ይደረጋል፤ ከዚያ እያንዳንዱ የቤት ሥራውን ያቀርባል፤ ከዕረፍት በኋላ አዲስ ትምህርት ይሰጣል። ትምህርቱ በአራት ይከፈላል። የመጀመሪያው ልብ ማለት ነው፤ ይኸውም ባሁኑ ሰዓት በውስጥና በውጭ ያለውን ነገር ሳይፈርዱ ማየት ነው። ሁለተኛው ከሰው ጋር ተግባብቶ መኖር፥ ሦስተኛው ስሜትን መግራት፥ አራተኛው ጭንቅን መቻል ነው። ሁሉንም ለማዳረስ ወደ ስድስት ወር ገደማ ያስፈልጋል፤ በተለመደው የአንድ ዓመት ሕክምናም ትምህርቱ ሁለት ጊዜ ይደገማል።

የትምህርቱን ጠባይ ለማሳየት ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ። ስሜትን ስለ መግራት ሲያስተምሩ «ተቃራኒውን አድርግ» የሚል ብልሃት አለ፤ ፍርሃቱ በእውነተኛ አደጋ ላይ ያልተመሠረተ ሰው ከመሸሽ ይልቅ ወደ ፈራው ነገር ይቅረብ፥ ያለ በቂ ምክንያት የተቈጣም ከመጮህ ይልቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ ይራቅ ይላል። ከሰው ጋር ስለ መግባባት ሲያስተምሩ ደግሞ አንድ ነገር የሚለምን ሰው መጀመሪያ የሆነውን ነገር ያለ ወቀሳ ይናገር፥ ቀጥሎ የተሰማውን ይግለጥ፥ ከዚያም የሚፈልገውን በግልጥ ይጠይቅ፥ በመጨረሻም ለሌላው ወገን የሚገኘውን ጥቅም ያሳይ ይላሉ። እነዚህ ነገሮች ለብዙዎቻችን ከእናት ከአባታችን ሳናውቀው የተማርናቸው ናቸው። ያልተማራቸው ሰው ግን በፊደል ገበታ ላይ እንዳለ ልጅ አንድ በአንድ ሊቈጠሩለት ይገባል።

የስብሰባው ሕጎችም ልብ ሊባሉ ይገባቸዋል። በስብሰባው የተሰማ ነገር ወደ ውጭ አይወጣም። ሕመምተኞቹ ራሳቸውን ስላቈሰሉበት ጊዜ ከስብሰባው ውጭ እርስ በርሳቸው አያወሩም። በስብሰባው ፊት ሊገለጥ የማይችል የግል ወዳጅነት አይመሠርቱም። በጭንቅ ሰዓት ጓደኛውን የጠራ ሰው ጓደኛው የሚሰጠውን ርዳታ ለመቀበል ፈቃደኛ መሆን አለበት። አራት ሳምንት በተከታታይ የቀረ እንደ ወጣ ይቈጠራል።

፫. የመጽሐፉ ብርታት

ስለ መጽሐፉ ብርታት መናገር የምንጀምረው ከአነጋገሩ ነው። ከሊነሃን በፊት ስለ እነዚህ ሕመምተኞች የተጻፈው ነገር ብዙው የንቀትና የመሰልቸት ጠረን ነበረበት፤ «አታላዮች ናቸው፥ ሐኪምን ይከፋፍላሉ፥ አይድኑም» ይባል ነበር። መጽሐፉ ግን ሕመምተኛው አሁን ባለው አቅሙ የሚችለውን ሁሉ እያደረገ ነው የሚል እምነት ይዞ ይነሣል። ይህ እምነት የቸርነት ንግግር ብቻ ሳይሆን መምህሩ በየሳምንቱ የሚሠራበት መሣሪያ ነው።

ሁለተኛው ብርታቱ በፈተና መመዘኑ ነው። በ1991 ዓ.ም. በታተመው የመጀመሪያው ጥናት፥ ይህን ሕክምና ለአንድ ዓመት ያገኙት ሴቶች በከተማው የሚሰጠውን የተለመደ ሕክምና ካገኙት ይልቅ ራሳቸውን የሚያቈስሉበት ጊዜ ቀነሰ፥ ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ ቈዩ፥ በሐኪም ቤት ተኝተው የሚያሳልፏቸው ቀኖችም አነሱ። ዳሩ ግን በሐዘን ስሜትና በተስፋ መቍረጥ በኩል በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ጸሐፊዋ ይህን አልሸሸጉም። ከዚያም ወዲህ በሌሎች እጅ የተሠሩ ጥናቶች ብዙ ናቸው፤ በ2020 ዓ.ም. የወጣው የኮክሬን ግምገማ ለዚህ ሕመም በሚደረግ የንግግር ሕክምና ላይ የተሠሩ 75 ጥናቶችን መርምሯል፤ የተመረመሩት ሰዎችም 4507 ነበሩ።

ሦስተኛው ብርታት መጽሐፉ ለማንም መምህር ግልጥ መሆኑ ነው። ምሥጢረኛ ቃል አያበዛም፤ ለሕመምተኞቹ የሚታደለውን ወረቀት እንኳ አዘጋጅቶ ያቀርባል።

፬. የኅብረቱ ቦታ

አሁን ወደ ነቀፌታችን እንመለስ። የመጀመሪያው ነቀፌታችን በ1993ቱ ሥርዓት ኅብረቱ የተሰጠው ቦታ ዝቅተኛ መሆኑ ነው። በዚያ ሥርዓት የሕክምናው ራስ ለብቻ የሚያነጋግረው ሐኪም ሲሆን ኅብረቱ እንደ ረዳት ይቈጠራል። ጸሐፊዋ ለዚህ ምክንያት ነበራቸው። በሌላ ዐይነት ሕክምና ላይ ላሉ ሕመምተኞች ይህን የኅብረት ትምህርት ብቻ ጨምረው በአነስተኛ ሙከራ ቢፈትኑት ጥቅም ሳያዩበት ቀርተው ነበር፤ ይህንኑም በዚያው ዓመት በወጣው ትልቁ መጽሐፍ ጽፈውታል።

ነገር ግን ራሳቸው ዶክቶር ሊነሃን ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በ2015 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት ይህን ግምት አናወጠው። 99 ሴቶችን በሦስት ከፈሏቸው። አንደኛው ወገን ሙሉውን ሕክምና አገኘ። ሁለተኛው ወገን የኅብረቱን ትምህርት አግኝቶ ለብቻ በሚያነጋግር ሐኪም ፋንታ ጉዳዩን የሚከታተል ሠራተኛ ተሰጠው። ሦስተኛው ወገን ሐኪሙን አገኘ፤ የኅብረቱን ትምህርት ግን አላገኘም። ራስን ለመግደል በመሞከር በኩል ሦስቱም ወገኖች ያለ ልዩነት ተሻሻሉ። ራስን በማቍሰል ብዛትና በሐዘን ስሜት ግን በሕክምናው ዓመት ውስጥ የኅብረቱን ትምህርት ያገኙት ሁለቱ ወገኖች ከሦስተኛው በልጠው ተገኙ። ረዳት የተባለው እጅ ዋናውን ሸክም ይሸከም ነበር ማለት ነው።

ከቶሮንቶ የመጣው ምስክርም ከዚህ ጋር ይስማማል። በ2017 ዓ.ም. ሼሊ ማክሜንና ጓደኞቻቸው 84 ሕመምተኞችን ከሁለት ከፍለው፥ ግማሾቹ ለ20 ሳምንት የኅብረቱን ትምህርት ብቻ እንዲያገኙ፥ ሌሎቹ ተራ እንዲጠብቁ አደረጉ። የተማሩት ራስን ለመግደል መሞከርንና ራስን ማቍሰልን ከሌሎቹ አብልጠው ቀነሱ።

እዚህ ላይ የመጽሐፉ ወዳጅ «እንግዲያው ትምህርቱ እውነተኛ መድኃኒት መሆኑ ተረጋገጠ፤ ነቀፌታው ምንድን ነው?» ይለን ይሆናል። እኛም የምንመልሰው፥ በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ትምህርቱና ጓደኝነቱ ተነጣጥለው አልተመዘኑም ብለን ነው። በየሳምንቱ ስምንት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የቤት ሥራቸውን ሲናገሩ፥ አንዷ «እኔም እንዲሁ ሆንኩ» ስትል ሌላዋ ቀና ብላ ስታያት፥ ይህ ከወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ሕክምና ነው። በ2009 ዓ.ም. በባርሴሎና ሆአኪም ሶለርና ጓደኞቻቸው የሊነሃንን የኅብረት ትምህርት ከተለመደው የኅብረት ንግግር ጋር በ59 ሕመምተኞች ላይ ለሦስት ወር አነጻጽረው ነበር፤ የትምህርቱ ወገን በልጦ ተገኘ፥ ያቋረጡትም ከእርሱ ወገን አነሱ። ስለዚህ ዝም ብሎ መሰብሰብ ብቻ እንደማይበቃ እናምናለን። ነገር ግን ስብሰባውን ከትምህርቱ ለይቶ መቍጠር አለመቻሉን ደግሞ መጽሐፉ ሊነግረን ይገባ ነበር።

፭. መምህሩና ተማሪው

ሁለተኛው ነቀፌታችን በመጽሐፉ ውስጥ ሕመምተኞች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ንግግር ከጥቅሙ ይልቅ አደጋው ጐልቶ መታየቱ ነው። ሕጎቹ የተደነገጉበት ምክንያት ግልጥ ነው፤ ራስን የማቍሰል ወሬ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታልና። ይህን አንነቅፍም። የግል ወዳጅነትን በሚመለከተው ሕግም መጽሐፉ ወዳጅነትን ጨርሶ እንዳልከለከለ፥ የከለከለው ተሸሽጎ የሚኖረውን መሆኑን በትክክል ልንመሰክር ይገባናል። ዳሩ ግን በጓደኞች መካከል የሚነሣው ቅያሜና ፍቅር የትምህርቱ እንቅፋት ሆኖ ሲታይ እንጂ የትምህርቱ ዋና ጽሑፍ ሆኖ ሲታይ አናይም።

በለንደን የተሠራው ሥራ ሌላ መንገድ መኖሩን ያሳያል። አንተኒ ቤትማንና ፒተር ፎናጊ በ1999 ዓ.ም. ያወጡት ሕክምና ሰው የራሱንና የሌላውን ሰው አሳብ መገመት እንዲችል ማድረግን ዓላማው ያደረገ ነው። በዚህ ሕክምና ኅብረቱ የትምህርት ክፍል አይደለም። አንዱ «ፊቱን ያዞረብኝ ስለ ናቀኝ ነው» ሲል መሪው ትምህርት አይሰጥም፤ ፊቱን ያዞረውን ሰው ራሱን እንዲጠይቀው ያደርጋል እንጂ። ያም ሰው «እኔ እኮ ዕንባዬ መጥቶ ነው» ይላል። እሳቱ እዚያው በተነሣበት ይመረመራል። ከስምንት ዓመት በኋላ 41ዱ ሕመምተኞች ሲፈተኑ፥ ይህን ሕክምና ካገኙት ራሳቸውን ለመግደል የሞከሩት ከመቶ 23 ሲሆኑ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ግን ከመቶ 74 ነበሩ። የተመረመሩት ሰዎች ቍጥር ትንሽ መሆኑን አንዘነጋም። ቢሆንም እነዚህ ሕመምተኞች እርስ በርሳቸው በግልጥ ሊነጋገሩ አይችሉም የሚለውን ፍርሃት ለማቃለል ይበቃል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደን ነቀፌታ መምህሩን ከተማሪው የሚለየውን ግንብ የሚመለከት ነው። በመጽሐፉ ሥርዓት መምህር የሚሆነው የሠለጠነ ባለሙያ ነው፤ በሕመሙ አልፎ የዳነ ሰው በስብሰባው ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው ሥርዓቱ አላሰበበትም። የሚያስደንቀው ነገር ግን ከጊዜ በኋላ ታወቀ። በ2011 ዓ.ም. ዶክቶር ሊነሃን በሃርትፎርድ ከተማ በሚገኘው የአእምሮ ሐኪም ቤት ቆመው፥ ከ50 ዓመት በፊት በ1961 ዓ.ም. የ17 ዓመት ልጅ ሳሉ በዚያው ቤት ተኝተው እንደ ታከሙ፥ ራሳቸውን ያቈስሉ እንደ ነበረና ሕክምናውን የፈጠሩትም እርሳቸው ያጡትን ለሌሎች ለመስጠት መሆኑን ለሕዝብ ገለጡ። በ2020 ዓ.ም. ባወጡት የሕይወት ታሪካቸውም በሰፊው ጻፉት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። እኚህ ሴት ግን በሽታቸውን ደብቀው ለሌላው መድኃኒት አገኙ፤ ለዚህም ተረቱ አልተበጀም። አንፈርድባቸውም፤ በዚያ ዘመን ሕመሙን የገለጠ ሰው የሊቅነት ወንበር ሊያገኝ ይቅርና ምስክርነቱ እንኳ በቀላሉ ባልተቀበሉት ነበር። ነገር ግን የ1993ቱ መጽሐፍ የተጻፈው ከጠረጴዛው በዚያኛው ወገን ተቀምጦ በነበረ ሰው እጅ መሆኑን አንባቢ አያውቅም ነበር። መጽሐፉን ዛሬ ስናነበው ከእያንዳንዱ ብልሃት ጀርባ የተደበቀ ምስክር እንዳለ እናያለን። ታዲያ ያ ምስክር በክፍሉ ለተቀመጡት ስምንት ሰዎች ቢነገራቸው ኖሮ ከብዙ ወረቀት በላይ ባልጠቀማቸውም ነበርን?

ለዚህ ጥያቄ በአንድ በኩል መልስ ተገኝቷል፤ የተገኘው ግን ለሕመምተኞቹ ሳይሆን ለቤተ ሰቦቻቸው ነው። ፔሪ ሆፍማንና አለን ፍሩዜቲ የሊነሃንን ብልሃቶች መሠረት አድርገው «ፋሚሊ ኮኔክሽንስ» የሚባለውን የ12 ሳምንት ትምህርት ለእናቶች፥ ለአባቶችና ለባለ ትዳሮች አዘጋጁ። መምህራኑም ራሳቸው ልጅ ወይም ወንድም በዚህ ሕመም የተያዘባቸው፥ ከሠለጠኑ በኋላ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። በ2005 ዓ.ም. በ44 ሰዎች ላይ በተሠራው ጥናት የቤተ ሰቦቹ ሸክምና ሐዘን ቀነሰ፥ ችግሩን እንችለዋለን የሚለው ስሜታቸውም ጨመረ። የታማሚዋ እናት እናቶችን ማስተማር ከቻለች፥ የዳነችው ልጅ ያልዳኑትን የማታስተምርበት ምክንያት ምንድን ነው? አደጋ እንዳለበት እናውቃለን፤ የሌላው ቍስል የራስን ሊቀሰቅስ ይችላል። ስለዚህ ብቻዋን ሳይሆን ከባለሙያ ጋር ሁለተኛ መሪ ሆና ትቀመጥ ነው የምንለው። መጽሐፉ ሁለት መሪዎችን ማዘዙ ራሱ ለዚህ በሩን ከፍቷል።

፮. የመዳን መለኪያ

አራተኛው ነቀፌታ የሚነሣው «ዳነ» ከሚለው ቃል ነው። ሜሪ ዛናሪኒና ጓደኞቻቸው በማክሊን ሐኪም ቤት ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ 290 ሕመምተኞችን ተከታትለዋል። በ2010 ዓ.ም. ባወጡት ዘገባ ከዐሥር ዓመት በኋላ ከመቶ 93 የሚሆኑት ቢያንስ ለሁለት ዓመት ከሕመሙ ምልክቶች ተላቅቀው ነበር። ይህ ቍጥር «አይድኑም» ለሚሉት ሁሉ መልስ ነው። ነገር ግን ከምልክቶቹ ተላቅቀው፥ በተጨማሪም የሥራ ወይም የትምህርት ኑሮአቸውና ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነት የተስተካከለላቸው ግማሾቹ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ራሱን ማቍሰል አቁሞ፥ ነገር ግን ወዳጅና ሥራ ሳይኖረው በቤቱ ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው ብዙ ነው ማለት ነው።

የሊነሃን ጥናቶች አስቀድመው የሚመዝኑት ሞትንና ቍስልን ነው፤ ይህም ተገቢ ነው፥ የሞተ ሰው አይማርምና። ዳሩ ግን ዓላማቸው ለመኖር የሚያበቃ ሕይወት መሥራት መሆኑን ደጋግመው የሚናገሩ ጸሐፊ፥ ሕመምተኛዋ ትምህርቱን ከፈጸመች በኋላ ማክሰኞ ማታ ወዴት እንደምትሄድ ሊነግሩን ይገባ ነበር። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ናንሲ ብለም ያዘጋጁት «ስቴፕስ» የሚባለው የ20 ሳምንት የኅብረት ትምህርት በዚህ በኩል አንድ እርምጃ ይቀድማል፤ ሕመምተኛዋ ዘመዶቿን፥ ወዳጆቿንና ሐኪሞቿን እንደ አንድ ጭፍራ አሰልፋ የተማረችውን ብልሃት እንድታስተምራቸው ያዛታልና። በ2008 ዓ.ም. በ124 ሰዎች ላይ በታተመው ጥናት ስሜታቸውና ኑሮአቸው ተሻሽሎ ተገኘ። ራስን በማቍሰልና ለመግደል በመሞከር ግን ልዩነት አልታየም። ስለዚህ አንዱ መጽሐፍ ያለውን ብርታት ሌላው ያጣዋል፤ ማናቸውም ብቻውን አይበቃም።

ከዚህ ላይ በራሳችን አሳብ ላይ የሚነሣውን ብርቱ ተቃውሞ ሳንሸሽግ እናቅርብ። በ2022 ዓ.ም. አርኖድ አርንትስና ጓደኞቻቸው በአምስት አገሮች 495 ሕመምተኞችን ይዘው «ስኪማ ቴራፒ» የሚባለውን ሌላ ሕክምና ሲፈትኑ፥ በአብዛኛው በኅብረት ብቻ የታከሙት ኅብረትንና የብቻ ንግግርን እኩል ካገኙት ይልቅ ጥቅማቸው አንሶ ተገኘ። እንግዲህ ኅብረቱ ከፍ ይበል ስንል ሐኪሙ ይውጣ ማለታችን እንዳይደለ ግልጥ ይሁን። ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው ነው። ሰው በብዙዎች ፊት የማይናገረው ነገር አለው፤ ለአንድ ሰው ብቻ ተነግሮ ከቀለለ በኋላ ወደ ጓደኞቹ የሚወጣ ቃል አለ።

፯. ለእኛ የሚሆነው

ይህን ጉዳይ በዚህ ቡለቲን ማቅረባችን የሩቅ አገር ወሬ ለማውራት አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካያትሪ ክፍል ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ስፔሻሊስቶችን በአገራችን ውስጥ ማሠልጠን ጀምሯል። ከላይ የጠቀስነው ጥናት የተሠራውም በዚያው በቶሮንቶ ነው። እዚያው በ2009 ዓ.ም. በ180 ሕመምተኞች ላይ የሊነሃን ሕክምና፥ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች በደንቡ ከሚሰጡት ጠቅላላ የሳይካያትሪ ክትትል ጋር ሲወዳደር ከአንድ ዓመት በኋላ ሁለቱም እኩል ጠቅመው ተገኝተዋል። ባለሙያው ጥቂት ለሆነበት አገር ይህ ታላቅ ቁም ነገር ነው። አራቱንም እጆች ማቆም ባይቻል፥ በሥርዓት የተያዘ ክትትልና አንድ የኅብረት ክፍል ብዙ ሰው ሊያድኑ ይችላሉ ማለት ነውና።

ነገር ግን መጽሐፉን እንዳለ ገልብጦ ማምጣትን እንቃወማለን። በአገራችን ማኅበር የሚለው ቃል መምህርና ተማሪ የሌለበትን፥ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት በተራ የሚዞርበትን ስብሰባ ያሳስባል። ይህ ልማድ ለኅብረት ሕክምና ጥሩ መሬት ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ገበናን መሸፈን በእኛ ዘንድ የክብር መሠረት ነው፤ በትንሽ ከተማም «በስብሰባ የተሰማ ወደ ውጭ አይወጣም» የሚለው ሕግ በሲያትል ከሚጠይቀው ይልቅ እጅግ የበረታ ጥበቃ ይጠይቃል። የእነዚህ ሁለት ነገሮች ሚዛን በመጽሐፍ አይገኝም፤ ተጠንቶ እንጂ። ከእኛ መካከል የሳይኮሎጂና የሕክምና ተማሪ የሆነ ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ ሲመርጥ ይህን እንዲያስብበት እናሳስባለን።

ለማጠቃለል፥ የዶክቶር ሊነሃን መጽሐፍ በንቀት የተተዉትን ሰዎች በተማሪ ወንበር ላይ በክብር ያስቀመጠ ነው፤ ለዚህም ውለታው አይረሳም። የቀረው ነገር የተማረው ሰው ወንበሩን አዙሮ ለሚቀጥለው እንዲያስተምር መፍቀድ ነው። ፕራት በ1905 ዓ.ም. ክፍል ብሎ የከፈተው ቤት ሳያስበው ማኅበር ሆኖበት ነበር። እኛም የምንለምነው ሊቃውንቱ ይህን አስበው እንዲያደርጉት ነው።